ሳይሰብሩ መሰንጠቅ

ድምፁን ለመስማት ጆሮን ወደ ሳጥኑ ማስጠጋት ይጠይቃል። ጭስ ማውጫው ቬንትሌተር ያጓራል፤ ባልዲ ውስጥ የተቀመጠችው የውኃ ፓምፕ ትንጎራጎራለች፤ ከሁለቱ ሥር ግን ቀጭን፣ የማያቋርጥ መንጣጣት ይሰማል። «መስታወቱ ነው» አለኝ የማሽኑ ባለቤት ዓይኑን ከክዳኑ ሳያነሳ። «እየተሰነጠቀ ነው።»

አዲስ አበባ፣ ገርጂ፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነን። ባለቤቱ በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቀ ወጣት ነው፤ ቀን ቢሮ ይውላል፣ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ነው የሚገኘው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሰማያዊና ነጭ የቆርቆሮ ሳጥን በዓለም ዙሪያ በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ «ኬ40» እየተባለች የምትጠራው ቻይና ሠራሽ የሌዘር መቁረጫ ናት። ሥራ የምትሠራበት ቦታ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ከአንድ ኤ4 ወረቀት ጋር ይቀራረባል። በስሟ 40 ዋት ትባላለች፤ የብዙዎቹ ቱቦ ግን ከ70 ሴንቲ ሜትር ብዙ ስለማይረዝም በተግባር የሚወጣው ከዚያ ያንሳል። ለመስታወት ግን ይህም ይበዛበታል። አሁን በውስጧ፣ እርጥብ ጋዜጣ የተለጠፈበት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ፣ የአንዲት እናት ፊት ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየወጣ ነው። የጋዜጣው ነገር በኋላ ይመጣል።

ሌዘሩ መስታወቱን አያቀልጠውም፣ አይቆፍረውምም። ከማሽኗ የሚወጣው ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮ ሜትር ነው። የሰው ዓይን የሚያየው ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮ ሜትር ግድም ያለውን ብቻ ስለሆነ ጨረሩ አይታይም። ለእኛ ወለል አድርጎ የሚያሳየን መስታወት ለዚህ ጨረር ግድግዳ ነው፤ አያሳልፈውም፣ ከላይኛው ስስ ገጽ ላይ ውጦ ያስቀረዋል። ጨረሩ ያረፈባት ነጥብ በቅጽበት ትግላለች። ብርጭቆ ሙቀትን ቶሎ የማስተላለፍ ጠባይ የለውም፤ የጋለችው ነጥብ ልስፋ ስትል ዙሪያዋን ያለው ቀዝቃዛ ብርጭቆ ቦታ አለቅም ይላል። ግፊያው በስንጥቅ ያልቃል። ጨረሩ አልፎ ነጥቧ ስትቀዘቅዝና ስትኮማተርም ስንጥቁ ይጨምራል። በዓይን ለመለየት የሚያዳግቱ ቅርፊቶች ይነሳሉ፣ ገጹ ይሻክራል፣ በላዩ የሚያርፈው ብርሃን ቀጥ ብሎ ማለፉን ትቶ በየአቅጣጫው ይበተናል። ነጭ ሆኖ የሚታየን እሱ ነው። ቀለም የሚባል ነገር አልገባበትም።

ሰው ብርጭቆን በዘዴ መጉዳት ከጀመረ ቆይቷል። በ16ኛው መቶ ዘመን ቬኒስ ውስጥ በአልማዝ ጫፍ ይጭሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 ቤንጃሚን ቲልግማን የሚባል የፊላደልፊያ ሰው አሸዋ በኃይል እየረጩ ብርጭቆ የሚያፈዝዙበትን መንገድ በስሙ አስመዘገበ፤ የቢሮና የመታጠቢያ ቤት «የማያሳይ» መስታወት ዛሬም በአሸዋ ወይም በአሲድ ይሠራል። አሲዱ ሃይድሮፍሎሪክ የሚባለው ነው፤ ቆዳ ዘልቆ ከሰውነት ካልሲየም ጋር የሚጣበቅ መርዝ በመሆኑ ማንም በትርፍ ጊዜው ሊነካካው የሚገባ ነገር አይደለም።

ለዚች ሳጥን የቅርብ ዘመድ ሆኖ ያገኘሁት ግን ሌላ ሰው ነው። ፍራንስ ግሪንዉድ እ.ኤ.አ. በ1680 ሮተርዳም ተወልዶ ዶርድረኽት በምትባል የሆላንድ ከተማ በመንግሥት ሥራ ይተዳደር የነበረ፣ ብርጭቆ መቅረጽን ለራሱ ደስታ የያዘ ሰው ነበር። በ1720ዎቹ መስመር መጫሩን ትቶ የወይን ብርጭቆ ላይ በአልማዝ ጫፍ ነጥብ በነጥብ እየወቀረ ምስል ማውጣት ያዘ። ነጥቡ የበዛበት ብርሃን ይሆናል፤ የሳሳበት ጥላ፤ ጭራሽ ያልተነካው ጨለማ። የሆላንድ ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ እርሳስ የተቀላቀለበትን የእንግሊዝ ብርጭቆ ይመርጡ ነበር፤ ለስላሳ ስለሆነ ለአልማዙ ይታዘዛል። የገርጂዋ ማሽን የምትሠራው ያንኑ ነው። አልማዙን ጨረር ተክቶታል፤ ነጥቡ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ደግሞ ኮምፒውተር ነው።

ጨረሩም የነጥቡ ስሌትም ከአንድ ቤት መውጣታቸው ይገርመኛል። ይህን ዓይነቱን ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1964 የፈለሰፈው ኩማር ፓቴል የተባለ ሕንድ የተወለደ ሳይንቲስት ነው፤ ቦታው አሜሪካ የሚገኘው ቤል ላብራቶሪ። ዛሬ በቱቦው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጂንና ሂሊየም ነው፦ ኤሌክትሪኩ ናይትሮጂኑን ይቀሰቅሳል፣ ናይትሮጂኑ ጉልበቱን ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያቀብላል፣ እሱ በጨረር መልክ ይለቀዋል፤ ሂሊየሙ የተረፈውን ሙቀት ያስወግዳል። በዚያው በቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ጃርቪስ፣ ጁዲስና ኒንከ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ግራጫ ፎቶን ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያውቅ መሣሪያ ላይ እንዴት ማሳየት እንደሚቻል ጻፉ። «ጃርቪስ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ በሌዘር ሶፍትዌሮች ምርጫ ውስጥ አለ።

ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ፎቶው እንመለስ። ይዘውት የመጡት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ከአሜሪካ ለሚመጣ ወንድማቸው ሊሰጡት ነው። ጠርዙ የተጨማደደ የድሮ ስቱዲዮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፤ እናታቸው ነጠላ አጣፍተው ነጭ መጋረጃ ፊት ተቀምጠዋል።

«አንተ ልጅ፣ ፊቷ እንዳይጠፋብኝ አደራ።»

«አይጠፋም፣ እትዬ። ግን መጀመሪያ ልገለብጠው ነው።»

«ወደየት ነው የምትገለብጠው?»

ሳቀና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደሳቸው አዞረው። ጸጉሩ ነጭ፣ ነጠላው ጥቁር፣ ዓይኑ ያበራል። «በስመ አብ!» አሉ ሴትየዋ። «ይቺ እናቴ አይደለችም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ የማተሚያ ማሽን ነጥብ ባሳረፈ ቁጥር ወረቀቱ ይጠቁራል። ብርጭቆ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ያነጣዋል። ስለዚህ ነጠላው በነጥብ መሞላት አለበት፣ ጸጉሩ ደግሞ ሳይነካ መቅረት። ፎቶው ካልተገለበጠ እትዬ ያዩት መንፈስ የመሰለ ነገር ለዘላለም መስታወቱ ላይ ይቀራል። ሲያልቅም ምስሉ በትክክል የሚታየው ከጀርባው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው፤ ነጭ ግድግዳ ላይ ቢደገፍ ግማሹ ይጠፋል።

መገልበጡ ቀላሉ ነው። ከባዱ ፊት ነው። የጠይም ፊት ዝርዝር በአብዛኛው የሚገኘው በመካከለኛውና በጠቆረው ቃና ውስጥ ነው። እዚህ ፎቶ ላይ ግን ከላይ ነጭ ነጠላ፣ ከኋላ ነጭ መጋረጃ አለ። ፎቶው እንዳለ ቢሰጣት ማሽኗ ሁለቱን ነጮች አድምቃ የእናትየውን ፊት ባዶ መስታወት አድርጋ ትተወዋለች። ስለዚህ ወጣቱ መጀመሪያ መጋረጃውን ቆርጦ አወጣው። ከዚያ የፊቱን ቃና ለብቻው አነሳ፤ ግንባሩና ጉንጩ ላይ ያለውን ብርሃን አጎላ፤ ነጠላውን በተቃራኒው ጥቂት አደበዘዘ፣ ጥለቱና እጥፋቱ እንዲለይ። ይህ ሁሉ ከቀረጻው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። በኔ ግምት የዚህ ሥራ ባለሙያና የማሽን ባለቤት የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን ገንዘብ ያለው ይገዛዋል፤ የትኛው የፊት መስመር ቀርቶ የትኛው እንደሚወጣ የሚያውቅ ዓይን ግን አብሮት በካርቶን ታሽጎ አይመጣም።

ከዚያ የጃርቪስ ተራ ደረሰ። ማሽኗ መስታወት ላይ በእርግጠኝነት የምትችለው ሁለት ነገር ነው፦ መሰንጠቅና መተው። ግማሽ ስንጥቅ የለም። ፎቶ ግን ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። ዝርዝር የሌለው ባለሱቅ ምን ያደርጋል? 6 ብር መልስ አለህ፤ እጁ ላይ ያለው ባለ 10 ብቻ ነው። 10ሩን ይሰጥህና 4 ብሩን ነገ ይቆርጥብሃል። መልስህ 3 ብር ከሆነ ደግሞ ምንም አይሰጥህም፤ 3ቱን ነገ ይጨምርልሃል። በየቀኑ ሒሳቡ ተዛብቷል፤ በወሩ መጨረሻ ግን ይገጥማል። ፕሮግራሙም እያንዳንዱን የፎቶ ነጥብ ወይ ሙሉ ስንጥቅ ወይ ባዶ ያደርገዋል፤ ያጎደለውን ወይም ያተረፈውን ገና ተራቸው ላልደረሰ ጎረቤት ነጥቦች ያስተላልፋል። በዚያው በ1976 ፍሎይድና ስታይንበርግ ያወጡት ዘዴ ዕዳውን ለ4 ጎረቤቶች ያከፋፍላል፤ የነጃርቪስ ለ12። ለዚህ ነው የኋለኛው ለፊት ለስለስ ያለ ቃና የሚሰጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ነጥብ በበዛ ቁጥር ፎቶው የሚጠራ ይመስላል። ወረቀት ላይ ልክ ነው፤ ብርጭቆ ላይ ግን አይሠራም። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲደረደር በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ርቀት 0.085 ሚሊ ሜትር ነው። የጨረሩ ጫፍ ራሱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ የሚነሳው የብርጭቆ ቅርፊት ደግሞ ከዚያም ሊሰፋ ይችላል። ቁጥሩን ወደ 600 ብታወጡት ስንጥቆቹ እርስ በርስ ይገናኙና ፊት የነበረው ነጭ ልጥፍ ይሆናል፤ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ኃይሉን ቀንሶ፣ ፍጥነቱን ጨምሮ፣ ነጥቡን 300 ወይም ከዚያ በታች ማድረግ ነው የሚያዋጣው።

ጋዜጣውም የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። ወጣቱ የጋዜጣ ገጽ ውኃ ውስጥ ነክሮ መስታወቱ ላይ ለጠፈ፤ በመዳፉ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋ አንድም የአየር አረፋ እስከማይቀር አለሰለሰው። ጨረሩ ወረቀቱን በስቶ መስታወቱ ጋ ይደርሳል፤ የተረፈውን ሙቀት ግን እርጥበቱ ይቀበለዋል፣ ቅርፊቱም ትንንሽ ሆኖ ይቀራል። ሌሎች የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ስስ አድርገው ይቀባሉ፣ ወይም የወረቀት ፕላስተር ይለጥፋሉ። ጥቁሩ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ግን አይሞከርም፤ ፒቪሲ ስለሆነ ሲቃጠል ሳንባንም ማሽንንም የሚበላ ጋዝ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ መሐል ሥራውን የሚያድነው እርጥብ ጋዜጣ መሆኑ፣ በጋዜጣ እንጀራ ለኖርን ሰዎች፣ ትንሽ መጽናኛ ነው።

ሲያልቅ ጋዜጣውን ላጠው፤ መስታወቱን ቧንቧ ሥር ይዞ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያሸ አጠበው። በባዶ ጣት አያሹትም፤ ዱቄት የመሰለው ነገር የብርጭቆ ስባሪ ነው። አድርቆ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ጠጋ ብዬ አየሁት። የነጠላው ጥለት ሦስት መስመር ሆኖ ይለያል። ከዓይኑ ብሌን ላይ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ብቻ አርፏል፣ የስቱዲዮው መብራት ያንጸባረቀባት ቦታ ላይ፤ የቀረው ያልተነካ መስታወት ነው፣ የሚያጠቁረው ከሥሩ ያለው ጨርቅ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ አላዩትም። ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለችውን ጠባሳ ፈለጉ። አለች። «ይኸው፣ እሷው ናት» አሉና ሒሳብ ጠየቁ።

ሁሉም ብርጭቆ እንዲህ አይታዘዝም፤ የሚገርመው ርካሹ መሻሉ ነው። የመስኮት መስታወት፣ ተራ የውኃ ብርጭቆና ጠርሙስ ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ የሚሠሩ ናቸው። አንድ ሜትር የሚረዝም እንዲህ ያለ ብርጭቆ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 9 ማይክሮ ሜትር ግድም ይረዝማል። ምድጃ የሚችለውና የላብራቶሪው ብርጭቆ ግን 3.3 ብቻ። የማይሰፋ ነገር አይሰነጠቅም፤ ስለዚህ ውዱ ብርጭቆ ላይ ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። እርሳስ ያለበት ክሪስታል ለግሪንዉድ አልማዝ ተስማሚ ነበር፤ ለሌዘር ግን የሚያሰጋ ነው፣ ድንገት ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ቴምፐርድ የሚባለው ደግሞ ገጹ በውስጥ ግፊት ታፍኖ የተሠራ ነው፤ ያ ገጽ ከተነካ እንዳለ ወደ ፍርፋሪ ሊለወጥ ስለሚችል ጠንቃቃ ሠራተኛ ኃላፊነቱን አይወስድም። የፊት መስታወት የተለየ ዘዴ አለው፦ ከፊት ሳይሆን ከጀርባ ነው የሚቀረጸው። ጨረሩ የጀርባውን ቀለምና ብሩን ያነሳዋል፤ ጽሑፍ ከሆነ ታዲያ ግራና ቀኙን ማዞር ያስፈልጋል።

አሁን አሁን ገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ግን ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ክፍት ፍሬም ያላቸው፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጡ ትንንሽ ሌዘሮች። ለእንጨትና ለቆዳ ጥሩ ናቸው። የሞገድ ርዝመታቸው 450 ናኖ ሜትር ግድም ነው፤ ይህ ዓይን የሚያየው ብርሃን በመሆኑ መስታወትን ምንም ሳያደርገው አልፎ ይሄዳል። ገጹን ጥቁር ውኃ ቀለም ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ነጭ ቀለም ከቀቡት ግን ቀለሙ ጨረሩን ይውጠውና ሙቀቱን ለመስታወቱ ያስተላልፋል። ይሠራል። ነገር ግን ቀለሙ ወጣ ገባ ከሆነ ምስሉም ወጣ ገባ ነው። ለዓይንም አደጋው ይለያል፦ የኬ40 ጨረር ቢያገኛችሁ የዓይንን የፊት ገጽ ያቃጥላል፤ ሰማያዊው ግን እንደ ማንኛውም ብርሃን ዘልቆ የዓይን ብርሃን መቀበያው ድረስ ይሄዳል። መከላከያ መነጽሩ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆን አለበት።

ወጣቱ እምቢ የሚለው ሥራ አለ፦ ብርሌ ላይ የሙሽሮች ፎቶ። ሲጠይቁት ያዝናል እንጂ አይቀበልም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የማሽኗ ሌንስ ጨረሩን የሚሰበስበው 50.8 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ በላይ ዝቅ ሲል ጫፉ ይሰፋል፣ ሙቀቱ ይሳሳል፣ ነጥቡ ይጠፋል። ቀጥ ያለ ብርጭቆ ከሆነ እያሽከረከረ የሚያቀርብ ተጨማሪ ዕቃ ይገጠምለታል። የብርሌ ሆድ ግን በሁለት አቅጣጫ የዞረ ነው፤ አንዱን ማሽከርከሪያው ቢያቃናም ሌላው ይቀራል። ሆዷ 9 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርሌ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ምስል ዳሩ ከመሐሉ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ 3 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ 2.5 ሚሊ ሜትር። «ስም፣ መስቀል፣ ትንሽ አበባ» ይላል። «ከዚያ በላይ የደንበኛ ብርሌ ማበላሸት ነው።»

ስለ አደጋው ማለዘብ አይገባም። ቱቦውን የሚያነሳሳው ኤሌክትሪክ ከ15 ሺህ ቮልት በላይ ነው፤ ሰው ይገድላል። ማሽኗ በትክክለኛ የምድር ሽቦ፣ ማለትም በግራውንድ፣ ሳትታሰር መነሳት የለባትም፤ የብዙ ሰርቪስ ቤት ሶኬት ደግሞ ሦስተኛው ቀዳዳ ለጌጥ ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚጨመር ነገርም አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፣ ብልጭታውም ራቅ ወዳለ ብረት ይዘላል። የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው የሲሊከን ሽፋን እዚህ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ቱቦው ራሱ ከብርጭቆ የተሠራ ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ውኃ ቢቋረጥ ወይም ውስጡ የአየር አረፋ ቢቀር፣ መስታወቱን የሚሰነጥቀው ያው የሙቀት ሽሚያ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ፓምፑ ሳይነሳ ሌዘሩ አይነሳም፤ እየሠራች ማሽኗን ጥሎ መውጣትም የለም፣ ወረቀቱ እሳት ሊይዝ ይችላል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ማሽኗ ከቆመችበት አትቀጥልም፤ ምስሉን በቦታው መልሶ መግጠም ስለሚያስቸግር በአብዛኛው መስታወቱ ይጣላል። ወጣቱ ለዚህ ብሎ ትልልቁን ሥራ የሚጀምረው ሌሊት ነው።

ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ፊት የሚታይበት፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን የመጣ ፎቶ ምረጡ፤ የቡድን ፎቶ ተዉት። የመጠጥ ብርጭቆ ከሆነ ቅርጹ ከንፈር ከሚያርፍበት ጠርዝ ራቅ ይበል። ቤት ስትወስዱትም ጠቆር ያለ ነገር ከጀርባው አድርጉለት። ፎቶውን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ የጠፋውን የፊት ዝርዝር ደግሞ ማንም ባለሙያ መልሶ አያመጣውም።